ስድስት መቶ ፈረስ በፌርፋክስ ጎዳና

(ከግሌንዴል)

በማኅበረሰባችን ወጣቶች ዘንድ ሥር እየሰደደ የመጣ አንድ እምነት አለ። እምነቱ አጭር ነው፤ «ቱርቦ በተለቀ ቁጥር መኪናው ይበረታል» ይላል። ቅዳሜ ማታ ፌርፋክስ ላይ ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ ከጎናችን የምንሰማው ጨዋታ ይኸው ነው። አንዱ አራት መቶ ፈረስ ሲል ሌላው አምስት መቶ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ቱርቦ ይዞ ስድስት መቶ ላይ ጨረታውን ይዘጋዋል። ይህ ጸሐፊ ግን እምነቱ ስሕተት ነው ባይ ነው። ያውም ገንዘብ የሚበላ፣ ሞተር የሚሰብር፣ ሲብስም ሰው የሚጎዳ ስሕተት። ለመንገድ መኪና የሚመረጠው ቱርቦ፣ ሞተሩ ዕለት ተዕለት በሚውልበት ዙር ላይ ቶሎ የሚነቃው ነው እንጂ በወረቀት ላይ ትልቅ ቁጥር የሚያስነብበው አይደለም።

ታላላቆቻችን ነገሩን «ጥጋብ ነው» ብለው ያልፉታል። በዚህ አልስማማም። አንድ ልጅ ቅዳሜውን መጠጥ ቤት ከሚያሳልፍ ኮፈን ከፍቶ ቢያሳልፍ ምን ክፋት አለው? እኔ የምጣላው ከፍቅሩ ጋር ሳይሆን ከስሌቱ ጋር ነው። ታክሲ ከመያዜ በፊት ደሴ ላይ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ስለነበርኩ፣ ስሌት የሌለው ክርክር በሰማሁ ቁጥር እጄ ጠመኔ ፍለጋ ኪሴ ይገባል።

እንግዲህ ከመነሻው። ከሞተር የሚወጣው ትኩስ ጭስ በከንቱ ወደ ማርሚታ ከመሄዱ በፊት ተርባይን የተባለውን ባለ ክንፍ መዘውር ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ኮምፕሬሰር አለ፤ እርሱም ከውጭ አየር እየሳበ ወደ ሲሊንደሮቹ ጨምቆ ያስገባል። አየር ሲበዛ ነዳጅ ይጨመራል፤ ነዳጅ ሲጨመር ጉልበት ይጨምራል። ይህን የጀመረው አልፍሬድ ቢውሺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ሲሆን የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1905 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ልብ በሉ፤ ቱርቦው የሚሽከረከረው በጭስ ነው። ጭስ ከሌለ መሽከርከር የለም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ጭሱ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ጭስ ደግሞ ትልቅ መዘውር አያንቀሳቅስም። ክርክሩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አሁን ጠመኔውን ላንሣ። ባለ 2 ሊትር ሞተር ያለው አንድ ሱባሩ እንውሰድ፤ በወጣቶቻችን ዘንድ የተወደደ ነውና። ሞተሩ ባለ አራት ምት ስለሆነ 2 ሊትር አየር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው። በደቂቃ 6,500 ዙር ሲዞር 6,500 ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው። ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞሉ ወደ 6,200 ሊትር እናውርደው። አንድ ሊትር አየር በባሕር ጠለል 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ 7.4 ኪሎ፣ በአሜሪካኖቹ ሚዛን 16 ፓውንድ አየር በየደቂቃው ይገባል። ቱርቦው ግፊቱን እጥፍ ቢያደርገው፣ ከሙቀት የተነሣ የሚባክነውን ቀንሰን፣ 30 ፓውንድ ገደማ ይደርሳል። የሙያው ሰዎች አንድ ፓውንድ አየር በደቂቃ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ብለው ያሰላሉ። እንግዲህ 300 ፈረስ አገኘን። ከግሌንዴል ብራንድ ቡልቫርድ ተነሥቶ ሥራ ለሚሄድ፣ ሲያሻው አንጀለስ ክሬስት ላይ ወጥቶ ለሚዝናና ሰው 300 ፈረስ ምን አነሰው?

ልጆቹ ግን 60 ፓውንድ የሚያሳልፍ ቱርቦ ይገዛሉ። ይኸው ሞተር 3 ሺህ ዙር ላይ፣ ግፊቱ እጥፍ ሆኖለት እንኳ፣ መቀበል የሚችለው 14 ፓውንድ አይሞላም። እያንዳንዱ ኮምፕሬሰር ፋብሪካው የሚያወጣለት ሠንጠረዥ አለው፤ በሠንጠረዡ ግራ በኩል ሰርጅ የሚባል መስመር ተሠምሯል። ከመስመሩ በስተግራ አየሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መዘውሩ ይንገጫገጫል፣ ኩሽኔታው ይጎዳል። ትንሹ ቱርቦ 3 ሺህ ዙር ላይ ሠንጠረዡ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ጀምሯል። ትልቁ ገና አልነቃም፤ ቢነቃም ከመስመሩ ውጭ ነው።

ከዚህ የሚከፋው መዘውሩ ለመሽከርከር ያለው እንቢታ ነው፤ ተማሪዎቼ ኢነርሺያ የሚሉት። የጋሬት ፋብሪካ ጂቲ2860 የሚለው ቱርቦ የኮምፕሬሰሩ መዘውር ስፋት 60 ሚሊሜትር ነው፤ ጂቲ3582 ደግሞ 82 ሚሊሜትር። ዐይን ሲያየው ልዩነቱ የአውራ ጣት ስፋት ነው፤ በዚህም ብዙዎች ይታለላሉ። ቅርጻቸውና የተሠሩበት ብረት አንድ ዓይነት ከሆነ ግን እንቢታው የሚያድገው እንደ ስፋቱ አይደለም። የስፋታቸው ንጽጽር አምስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። 82ን ለ60 አካፍሎ አምስት ጊዜ በራሱ ያባዛ ሰው 4.8 ያገኛል። አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው እንቢታ! ያንን መዘውር ነው እንግዲህ ያ ጥቂት ጭስ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ እንዲያደርሰው የሚጠበቀው። ነጂው ነዳጅ ይረግጣል፤ መኪናው ያስባል፤ ነጂው ይጠብቃል።

የአገራችን ጭነት ነጂ ይህን ያለ ጠመኔ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። የድሮው ፊያት ኤንትሬ ቱርቦ አልነበረውም፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ በእግረኛ እየተቀደመ ይወጣ ነበር። በኋላ ባለ ቱርቦ አይሱዙና ሌሎችም መጡና ያንኑ ዳገት እያፏጩ ወጡት። አንድም ሹፌር «መኪናዬ ስንት ፈረስ ነው» ብሎ ሲፎክር አልሰማሁም። ጥያቄው «ተጭኖ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከቁም ይነሣል ወይ?» የሚል ነበር። የጭነት መኪና መሐንዲሶች ቱርቦውን የሚለኩት ለዚያች ቅጽበት ነው። እኛ ከዚያ ዳገት መጥተን እዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዳገቱን ረሳነው።

ለነገሩ ይህ ክርክር በታሪክ ተፈርዶበታል፤ ያውም የዚህችው ከተማ እጅ ባለበት። ክሊፍ ጋሬት ኩባንያውን የመሠረተው በ1936 እዚሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነበር። በ1950ዎቹ ለካተርፒላር ዲ9 ዶዘር ቱርቦ ሠራ፤ በ1962 ደግሞ የኩባንያው ቱርቦ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር በተባለው የቤት መኪና ላይ ገባ። እስከዚያ ድረስ የቱርቦ ወግ የአውሮፕላንና የከባድ መኪና ወግ ነበር። በ1973 ቢ.ኤም.ደብልዩ 2002 ቱርቦን አወጣ፤ ባለ 2 ሊትር፣ 170 ፈረስ። መኪናው ከታች ይተኛል፤ ከላይ ባንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚሰጠው 4 ሺህ ዙር ላይ ነበር። የነዳጁ ቀውስ ተጨመረበትና 1,672 ብቻ ተሠርቶ ቀረ። በ1977 ስዊድናውያኑ ሳብ 99 ቱርቦን ይዘው ቀረቡ። ፐር ጊልብራንድ የተባለው መሐንዲሳቸው ሆን ብሎ ትንሽ ቱርቦ መረጠ፤ የጋሬት ሥራ ነበር። ትርፉን ጭስ የሚያስተነፍስ በር፣ ዌስትጌት የሚሉትን፣ ገጠመለት። ሞተሩ እንደዚያኛው 2 ሊትር ሲሆን የፈረስ ጉልበቱ 145 ብቻ ነበር። በወረቀት ካየነው በ25 ፈረስ ተሸነፈ። የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን ከቢ.ኤም.ደብልዩው ጋር ለጥቂት ነበር የሚለየው፤ ያውም 3 ሺህ ዙር ላይ። ሰዎች እየነዱት ልጅ ትምህርት ቤት አደረሱ፣ በረዶ ላይ ሄዱ፣ ጭነት ጎተቱ። ሳብ እንደ ኩባንያ በ2011 ከስሯል፤ ትምህርቱ ግን አልከሰረም። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጡት ባለ ቱርቦ የቤት መኪኖች በአብዛኛው የጊልብራንድን መንገድ የተከተሉ ናቸው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ልጆቹ አያውቁም?» ትሉኝ ይሆናል። ያውቃሉ፤ ግን ፊልም አይተዋል። በ2001 የወጣው ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ የተነሣው በዚህችው ከተማ ጎዳናዎች ላይ ነው። በዚያ ፊልም የታየችውን ብርቱካንማ ሱፕራ ያላየ ወጣት የለም። የሚገርመው ቶዮታ በ1993 ያቀረባት ሱፕራ ሁለት ቱርቦ የተገጠመላት መሆኗ ነው። አንደኛው ከታች ጀምሮ ይሠራል፤ ሁለተኛው 4 ሺህ ዙር አካባቢ ይታከላል። የጃፓን መሐንዲሶች ያንን ሁሉ ቱቦና በር የደከሙበት ነጂው እንዳይጠብቅ ብለው ነበር። የእኛ ልጆች ሁለቱንም ነቅለው አንድ ድስት የሚያህል ይሰቅላሉ።

ክርክሬን የሚቃወሙ ሦስት መልሶች ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው «ባለ ኩሽኔታ ቱርቦ ስለመጣ መዘግየት የለም» የሚል ነው። ኩሽኔታው ሰበቃውን ይቀንሳል፤ ይረዳል። የመዘውሩን ክብደት ግን አይቀንስም። ሁለተኛው «ወደፊት ሞተሩን ሳጠነክር ቱርቦው ይጠብቀኛል» ይላል። ወደፊት ለሚወለድ ልጅ የሠርግ ድንኳን ዛሬ እንደመትከል ነው። ሦስተኛው ግን ቁም ነገር ያለው ስለሆነ በአክብሮት እመልሳለሁ፤ «ትንሽ ቱርቦ ከላይ ይታፈናል» ይላል። እውነት ነው። ከልኩ ያነሰ ቱርቦ ከፍ ባለ ዙር ከሚገባው በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩን ያግላል፣ ጭሱን ወደ ሞተሩ መልሶ ያፍናል። የጋለ አየር ሲገባ ሞተሩ ያንኳኳል፤ በተለይ በእኛ ካሊፎርኒያ፣ በማደያዎቻችን የሚሸጠው ከፍተኛው ቤንዚን 91 ኦክቴን ሆኖ ሳለ። ስለዚህ እኔ «ትንሹን ግዙ» አላልኩም። ልኩን ግዙ ነው ያልኩት። ከላይ ያሰላነው ሱባሩ 30 ፓውንድ ይፈልጋል፤ 35 የሚያሳልፍ ግዙለት፤ የተርባይኑንም ቤት በሚመለከት ኤ/አር የሚሉት ቁጥር 0.64 እና 0.86 ሆኖ ሲቀርብ ለመንገድ ከሆነ አነስተኛውን ምረጡ። ስድሳው ግን የምን ስድሳ ነው?

የሻጮቹ ነገር ደግሞ ያናድዳል። ጋራዡ መኪናውን ዳይኖ ላይ ያወጣና አንድ ወረቀት ይሰጣል። በወረቀቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ጫፉ ነው፤ 6,800 ዙር ላይ ይህን ያህል ፈረስ። አንድ ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ 6,800 ዙር ላይ በቀን ስንት ሴኮንድ ይኖራል? በዚህ ከተማ እንጀራዬን የምጋግረው መሪ ላይ ነው፤ ከግሌንዴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከዚያ ወደ ሆሊውድ፣ ከዚያ እንደገና ወደ መሀል ከተማ። በአምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ የምንውለው ከ1,500 እስከ 3,500 ባለው ዙር ውስጥ ነው፤ ያውም መንገዱ ሲፈቅድ። ጫፉን ብቻ የሚያሳይ ወረቀት የተማሪን የአንድ ፈተና ውጤት አሳይቶ ዓመቱን እንደመደበቅ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ ቀን ኮሌጅ ይማራል፤ በየወሩ ለእናቱ ይልካል። ባለፈው ዓመት የእቁብ ዕጣ ሲወጣለት ትልቅ ቱርቦ ገዛ። ከቱርቦው ጋር ነዳጅ መርጫው፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ ኢንተርኩለሩና ቧንቧው፣ ፍሪሲዮኑ፣ የኮምፒውተሩ ማስተካከያ መጣ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የቱርቦውን ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆነ። ጋራዡ «የሞተሩ ውስጥ ይችላል» ብሎት ነበር። አልቻለም። ግፊቱ 4,500 ዙር ላይ ባንድ ጊዜ ሲደርስ አንዱ ቢዬላ ታጥፎ ብሎኩን ቀዶት ወጣ። መኪናው ዛሬም ኮምፔንሳቶ ላይ እንደቆመ ነው፤ እቁቡ ግን ገና አምስት ወር ይቀረዋል፤ በየወሩም ይከፍላል። ለእናቱ የሚልከውን እንዳላቋረጠ ነግሮኛል፤ ትምህርቱን ግን ለአንድ ሴሚስተር አቋርጧል። «ጥጋብ ነው» ብለው ለሚያልፉት አባቶች ይህን ልጅ ባሳያቸው እወድ ነበር። አንድ ሰው ቀደም ብሎ ወረቀት ላይ ቢያሰላለት ኖሮ፣ በሢሶው ገንዘብ ፈጣን መኪና ይኖረው ነበር።

አደጋውን ደግሞ እንመልከት። ከፓሳዴና ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው የአሮዮ ሴኮ መንገድ፣ 110 የምንለው፣ የተከፈተው በ1940 ነው። መግቢያዎቹ በዚያ ዘመን ፍጥነት ልክ የተሠሩ በመሆናቸው አንዳንዶቹ ጫፍ ላይ የቁም ምልክት አለ። ቆመህ፣ አንገትህን አዙረህ፣ በጥቂት ሜትር ውስጥ በፍጥነት ከሚመጣው መኪና ፊት መግባት ግድ ነው። ልኩን የያዘ ቱርቦ ያለው መኪና ወዲያው ይነሣል። ባለ ድስቱ ቱርቦ ግን ነዳጅ ረግጠህ አንድ፣ ሁለት ትቆጥራለህ፤ ከኋላህ የመጣው መብራቱን ያበልጭብሃል፤ ይብሱን ትረግጣለህ። ያን ጊዜ፣ መሪህ ገና እንደዞረ፣ ጉልበቱ ባንድ ጊዜ ይመጣና ጎማው መሬቱን ይለቃል። በ1975 የወጣው የፖርሼ 911 ቱርቦ «ባል ገዳይ» የሚል ስም ያተረፈው በዚሁ ጠባዩ ነው። ዳገቱና ጠመዝማዛው በበዛበት በአንጀለስ ክሬስት ላይ ደግሞ አስቡት። በዚህ ካውንቲ በመንገድ እሽቅድድም ሰው ሞተ የሚለው ዜና እንግዳ አይደለም፤ ከሚሞቱትም መካከል ከእሽቅድድሙ ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው መንገደኞች አሉ።

ሕጉን ባጭሩ። በካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 27156 መሠረት የጭስ መቆጣጠሪያውን የሚለውጥ ማናቸውም ዕቃ፣ ቱርቦን ጨምሮ፣ የአየር ሀብት ቦርዱ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የስሞግ መርማሪው ኮፈን ከፍቶ ቁጥሩን ይፈልጋል፤ ከሐምሌ 2021 ወዲህ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም መነካቱንም ያያል። ሻጩ «ለውድድር ሜዳ ብቻ» የሚል ጽሑፍ በትንሹ ካርቶኑ ላይ አስፍሮ እጁን ታጥቧል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቱርቦ ገዝታችሁ ለአዲስ አበባ ዘመድ የምትልኩ አላችሁና። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። እዚህ ግፊቱን ሁለት እጥፍ አድርጎ የሚረካ ሞተር፣ እዚያ ያንኑ ለማግኘት ቱርቦው ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ መጭመቅ አለበት። መዘውሩ ይበልጥ ይፈጥናል፤ አየሩ ይበልጥ ይግላል። እዚህ ልክ የሆነ ቱርቦ እዚያ ከሠንጠረዡ ሊወጣ ይችላል። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለው የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ 4,300 ሜትር ድረስ የወጣው ይህንኑ ሊለካ ነበር። እኛ ያን ያህል መሄድ አያስፈልገንም፤ በዚሁ በአንጀለስ ክሬስት መንገድ ላይ ዶውሰን ሳድል የሚባለው ቦታ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን የአዲስ አበባን አየር እዚያ መሞከር ይቻላል። ቤንዚን ለሚበላ ሞተር ነው የምለው፤ ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ እዚያ ያሉት የነበሩት ናቸው፤ ለእነርሱ ነው መጠንቀቅ።

ይህን አንብቦ «መምህሩ አርጅቷል» የሚል ወጣት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህ ገጽ ለእርሱም ክፍት ነው፤ ይጻፍና ይሞግተኝ። ግን ጫፉን ብቻ የሚያሳይ ወረቀት አልቀበልም። ከ2 ሺህ ዙር ጀምሮ ያለውን መስመር ሙሉውን፣ የኮምፕሬሰሩን ሠንጠረዥና የፈቃድ ቁጥሩን ይዞ ይምጣ። 110 መግቢያ ላይ ከቁም እንዴት እንደሚነሣም አብረን እንየው፤ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።